ጨዋታ ሥራ ፈትነት አይደለም

በትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ስለ ዜግነት ብዙ ይነገራል፤ ዜግነት ሲሠራ የሚታየው ግን ጥቂት ነው። ተማሪው የሕግ የበላይነት ምን ማለት እንደ ሆነ ቢጠየቅ ሳይሰናከል ይመልሳል፤ የኃላፊነትን ትርጕም፣ የእኩልነትን ጥቅም፣ የፍትሕን አስፈላጊነት በተራ ቍጥር ከፋፍሎ ይዘረዝራል። ከክፍሉ ወጥቶ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ነገር መካፈል፣ በሐሳብ ከማይስማማው ሰው ጋር ተነጋግሮ መወሰን፣ የተወሰነውንም ሳይወድ ማክበር ባስፈለገው ጊዜ ግን ያ ሁሉ የተጠና ቃል በደብተሩ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ይህ የሚሆነው ልጆቹ ሰነፎች ወይም መምህራኑ ቸልተኞች ስለ ሆኑ አይደለም። ዜግነት በጆሮ ገብቶ በብዕር የሚወጣ ዕውቀት ነው ተብሎ ስለሚታመን ነው። በእኛ አስተያየት ዜግነት እንደ ዋናና እንደ እርሻ በመሥራት የሚለመድ ሙያ ነው፤ ወጣትም ሙያን የሚለማመድበት ከሁሉ የቀደመ ሜዳ ጨዋታ ነው። ስለዚህ ጨዋታ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወደ ክፍሉ ይግባ፤ የዕረፍት ሰዓት ማሳለፊያ መሆኑ ቀርቶ የዜግነት ትምህርት ዋና መሣሪያ ይሁን እንላለን።

የዚህ ትምህርት ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ግብረ ገብ ይባል ነበር። በደርግ ዘመን የማርክሲዝም ሌኒኒዝም የፖለቲካ ትምህርት ቦታውን ያዘ። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ደግሞ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ተብሎ፣ ከዲሞክራሲ ሥርዓት ግንባታ ጀምሮ ዕውቀትን እስከ መሻት ድረስ በ11 እሴቶች ተከፋፈለ። በቅርቡም በተሻሻለው ሥርዓተ ትምህርት በዝቅተኞቹ ክፍሎች ግብረ ገብ፣ ከፍ ባሉት ደግሞ የዜግነት ትምህርት ሆኖ ተደራጅቷል። እንግዲህ ስሙ ተለዋወጠ፤ መጽሐፉም ተለዋወጠ። የማስተማሩ ልማድ ግን ከቦታው ሳይነቃነቅ ቈየ። መምህሩ ይናገራል፣ በሰሌዳ ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ በፈተና ቀን የገለበጠውን ይመልሳል። ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ እንደሚባለው ነው።

ልጁ በክፍል ውስጥ ጉቦ ክፉ መሆኑን ጽፎ ሙሉ ማርክ ካገኘ በኋላ ወደ ቤቱ ሲመለስ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለውን ተረት ከትልልቆቹ ይሰማል። ከሁለቱ ቃላት የትኛው በልቡ ይቀራል? የመምህሩን ቃል ሲነገር ብቻ ሰምቶታል፤ የተረቱን ቃል ግን በዙሪያው ሲሠራበት ያየዋል። የተነገረ ነገር ከሚታይ ነገር ጋር ቢታገል መውደቁ የታወቀ ነው። ይህን ትግል ሊለውጥ የሚችለው ልጁ ራሱ ሠርቶ፣ ውጤቱንም በራሱ ላይ ዐይቶ የደረሰበት ሌላ ልምድ ሲያገኝ ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ስፍራ ይዘን እንመርምረው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የሐይቅ ከተማ ትገኛለች። በአጠገቧ ስሟን ያገኘችበት፣ ሎጎ ተብሎም የሚጠራው ትልቁ ሐይቅ አለ። ከእርሱ በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ ከፍ ባለ ስፍራ በተራሮች መካከል አርዲቦ ተቀምጧል። አርዲቦ ሞልቶ ሲተርፍ ውኃው ወደ ሎጎ ይወርዳል፤ ከሎጎ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ ሁለቱ ሐይቆች እንደ ታላቅና ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ታላቁ ሲጠግብ ለታናሹ ይተርፈዋል፤ ታላቁ ሲራብ ግን የታናሹ ድርሻ በመንገድ ይቀራል። በአርዲቦ ዙሪያ ገበሬው በሞተር ውኃ ስቦ አትክልቱን ያጠጣል፤ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ይጥላል፤ ከብቱ ይጠጣል፤ ከታረሰው ኮረብታ የሚጠረገው አፈርም በየክረምቱ ወደ ውኃው ይወርዳል። አገሩ ለትምህርት እንግዳ አይደለም። በሎጎ ዳር ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት የታወቀ የትምህርት ቦታ ነው።

የአርዲቦ ልጅ ነገ ዐዋቂ ሲሆን የሚቀርብለት ፈተና በመጽሐፉ ጀርባ ከተጻፉት ጥያቄዎች አንዱንም አይመስልም። ውኃው የማን ነው? ለአንድ ሐይቅ ስንት ሞተር ይበቃዋል? በበጋ ማን ይቅደም? የላይኛው ሰው ለታችኛው ምን ዕዳ አለበት? ከተወሰነው በላይ የሳበ ጐረቤት፣ ያውም የአጎት ልጅ የሆነ እንደ ሆነ፣ እንዴት ይዳኛል? ሕግ የሚባለው ነገር በዚያ ስፍራ ያለው በእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ ነው። ጥያቄዎቹ መልስ ካጡ ምን እንደሚከተል ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በምሥራቅ ሐረርጌ የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ ለመስኖና ለከተማ መጠጥ ያለ ልክ ሲሳብ፣ በደለልም ሲሞላ ቈይቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደረቀ፤ ጀልባ ይሄድበት በነበረው ስፍራ ሰውና ከብት በእግራቸው ተሻገሩ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ውኃ ተመልሶበታል፤ ነገር ግን ያ ትውልድ ሐይቅ ሲሞት ዐይቷል። ሐረማያን ማንም ክፉ ሰው በአንድ ቀን አላደረቀውም። ብዙ ደግ ሰዎች እያንዳንዳቸው ለልጆቻቸው ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ ሲወስዱ ደረቀ። ይህን ነገር በቃል የሚያስረዳ መምህር ይገኛል፤ በቃል ተረድቶ እጁን የሚሰበስብ ተማሪ ግን አይገኝም።

እንግዲህ አንድ ጨዋታ እናቅርብ። ከአንድ ጣሳ ሽምብራ በቀር ምንም ወጪ የለበትም። አምስት ልጆች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። በመካከላቸው 50 የሽምብራ ፍሬ በሳሕን ይደረጋል፤ ይህ አርዲቦ ነው። በየዙሩ እያንዳንዱ ልጅ ከምንም እስከ አምስት ፍሬ ለመውሰድ ይችላል፤ የሚወስደውንም ቍጥር ሌሎቹ ሳያዩ በቁራጭ ወረቀት ይጽፋል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገልጠው ይወስዳሉ። ከዚህ በኋላ ዝናብ ይዘንባል፤ ይኸውም በሳሕኑ ከቀረው ግማሹን ያህል ይጨመርበታል፤ ጐደሎ ከወጣ ወደ ታች ይጠጋጋል። ነገር ግን ሐይቁ ከ50 በላይ አይዝምና የተረፈው ይፈስሳል። ጨዋታው አሥር ዙር ነው። የወሰደው ፍሬ ለልጁ መከሩ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ መነጋገር ክልክል ነው።

ሒሳቡን አንባቢ ራሱ ሊያደርሰው ይችላል። ሁሉም አምስት አምስት ቢወስዱ በመጀመሪያው ዙር 25 ይቀራል፤ ዝናቡ 12 ጨምሮ 37 ያደርገዋል። በሁለተኛው ዙር 12 ይቀራል፤ በዝናብ 18 ይሆናል። በሦስተኛው ዙር 18ቱን ተሻምተው ይጨርሱታል፤ ሰባቱ ዙር ሳይደረስ ሐይቁ ሞቷል። አምስቱ ልጆች በአንድነት ያገኙት 68 ፍሬ ነው፤ ለአንዱ 14 እንኳ አይሞላም። ሁሉም ሦስት ሦስት ቢወስዱ ግን 35 ይቀራል፤ ዝናቡ መልሶ ይሞላዋል። አሥሩም ዙር እንዲሁ ያልፋል፤ እያንዳንዱ 30 ፍሬ ይዞ ይነሣል፤ ሐይቁም እንደ ሞላ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የአራት ፍሬ ነገር ነው። አራት ከሦስት የሚበልጠው በአንዲት ፍሬ ብቻ ስለ ሆነ ልጁ አራት ሲወስድ ስስታም መሆኑን አያስበውም፤ እንዲያውም አምስት ያልወሰደ ጨዋ ሰው ነኝ ይላል። ሁሉም አራት አራት ሲወስዱ ግን ሐይቁ 45፣ ቀጥሎም 37፣ ቀጥሎም 25 እያለ ይወርዳል፤ ከአራተኛው ዙር በኋላ ሰባት ፍሬ ትቀራለች፤ በአምስተኛው ዙር እርሷም ታልቃለች። ለአንዱ ልጅ የደረሰው 17 ፍሬ ያህል ነው። በሦስትና በአራት መካከል ያለችው ያቺ አንዲት ፍሬ ሐረማያን ያደረቀችው ፍሬ ናት። አሥራ አንዱን እሴት በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ ይህችን ፍሬ አያውቃትም። ባዶ ሳሕን ፊቱ ተቀምጦ ያየ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን አይረሳትም።

በሁለተኛው ጨዋታ ልጆቹ እንዲነጋገሩ ይፈቀድላቸዋል። ሕግ ያውጡ፤ ስንት መውሰድ እንደሚገባ ይከራከሩ፤ የውኃ አባት ከመካከላቸው ይምረጡ፤ ላጠፋም ቅጣቱን ራሳቸው ይወስኑ። በሦስተኛው ጨዋታ ደግሞ ሁለቱ የአርዲቦ ሰዎች፣ ሦስቱ የሎጎ ሰዎች ይሁኑ፤ የአርዲቦዎቹ አስቀድመው ይውሰዱ፤ የሎጎዎቹ የተረፈውን ይጠብቁ። ቀጥሎ ቦታ ይለዋወጡ። ትናንት ከላይ ሆኖ ያለ ልክ የወሰደ ልጅ ዛሬ ከታች ተቀምጦ ሲጠብቅ ፍትሕ የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሥጋ ይለብስለታል። ጨዋታው ሲፈጸም መምህሩ ስብከት አይጀምርም፤ ሦስት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ ምን ሆነ? ለምን ሆነ? እንደዚህ ያለ ነገር በአገራችን የት አለ? የቀረውን ልጆቹ ራሳቸው ይናገራሉ። አባቶቻቸው በየቅሬው እስላምና ክርስቲያን ሳይሉ መዋጮ የሚወስኑትን፣ የቀረውን የሚቀጡትን፣ ያዘነውን የሚያጽናኑትን ያስታውሳሉ፤ ሕግ በሩቅ ከተማ ብቻ የሚወጣ ነገር አለመሆኑንም ይረዳሉ።

ይህ የእኛ ሕልም ብቻ ነው የሚል ቢኖር ዓለም የሠራውን ይመልከት። በ2009 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት በምጣኔ ሀብት የተሰጣቸው አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም የጋራ ሀብት እንዴት እንደሚጠበቅ ሲመረምሩ፣ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሰዎችን ይህን በመሰለ ጨዋታ ዙሪያ አስቀምጠው ፈትነዋል። ሰዎቹ እንዲነጋገሩ በተፈቀደላቸው ጊዜ፣ ከዚያም አልፎ ቅጣቱን ራሳቸው በመረጡት ጊዜ፣ የጋራውን ሀብት እጅግ በተሻለ ሁኔታ እንደ ጠበቁት ታይቷል። በህንድ አገር በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት የከርሰ ምድር ውኃ በሚጐድልባቸው መንደሮች ገበሬዎች የሰብል ምርጫና የውኃ ጨዋታ እንዲጫወቱ ተደረገ። ከዓመት በኋላ ሲታይ፣ ካልተጫወቱት መንደሮች ይልቅ በተጫወቱት ዘንድ የውኃ መዝገብ መያዝና የውኃ ደንብ ማውጣት በዝቶ ተገኘ። በእኛም አገር በመቂ አካባቢ ከገበሬዎች ጋር ይህን የመሰለ የውኃ ጨዋታ ተሞክሯል። ጥያቄያችን ግልጥ ነው። ለሸመገለ ገበሬ የጠቀመ ጨዋታ ለገበሬው ልጅ፣ ያውም አእምሮው ገና ለስላሳ በሆነበት ዕድሜ፣ እንዴት አይጠቅምም?

የስዊስ ሊቅ ዣን ፒያዤ በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ስለ ሕፃናት የግብረ ገብ ፍርድ በሚናገረው መጽሐፋቸው የመረመሩት በቅድሚያ የብይ ጨዋታን ነው። ትንሹ ልጅ የጨዋታውን ሕግ ከትልልቆቹ የወረደ፣ የማይነካ ትእዛዝ አድርጎ ይመለከተዋል፤ ዕድሜው ሲጨምርና ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት ግን ሕግ በስምምነት የሚጸና፣ በስምምነትም የሚሻሻል መሆኑን ይረዳል ይላሉ። ይህን ለማየት ወደ ስዊስ መሄድ አያሻም። በማንኛውም ቀበሌ ብይ የሚጫወቱ ልጆች፣ ወይም መሬት ላይ መሥመር አሥምረው ሰኞ ማክሰኞ የሚዘሉ ልጃገረዶች አጠገብ ጥቂት መቆም ይበቃል። መሥመር የረገጠችውን ሁሉም ያያል፤ ሁሉም ዳኛ ነው፤ ያጭበረበረ ከጨዋታ ይወጣል። እነዚህ ልጆች ደወሉ ተደውሎ ክፍል ሲገቡ የሚነገራቸው የሕግ ትርጕም፣ ከደወሉ በፊት በአፈሩ ላይ ይሠሩት ከነበረው ያነሰ ነው።

አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። በጥንቱ የአገራችን ሰንጠረዥ፣ ጨዋታው ሲጀመር ወረራ የሚባል ጊዜ ነበረ፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን እንደ ፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ግን ወረራው ያበቃና ተራ ይጀመራል። የዜግነት ትምህርት ዓላማ ምንድር ነው ብሎ ለሚጠይቅ ከዚህ የተሻለ መልስ አናገኝም፤ ከወረራ ወደ ተራ መሻገር ነው። በላ ልበልሃ የተባለው ሙግትም እንደዚሁ ነው። በዛፍ ጥላ ሥር በሕዝብ ፊት በነገር የሚጋጠሙት ባለጉዳዮች ለተመልካቹ ትምህርትም ጨዋታም ነበሩ፤ ሰው ነገሩን በጕልበት ሳይሆን በአንደበት መርታት እንደሚችል ሕፃኑ ሁሉ ቆሞ ይማር ነበር።

እንቆቅልሽን ደግሞ እንመልከት። መልሱ የጠፋው ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እርሱም ጎንደርን ወይም ሐረርን ሰጠሁህ ይላል፤ ጠያቂውም ካልተደሰተ ሌላ ይጨመርለታል። አንዲት ስንዝር መሬት የሌለው ሕፃን ከምሽቱ እሳት ዳር ሆኖ አገር ይሰጣል፣ አገር ይቀበላል። ጨዋታው ደስ ያሰኛል፤ እንዲቀርም አንሻም። ነገር ግን ልጆቻችን አገር የሚሰጡበትና አገር የሚቀበሉበት ጨዋታ እያላቸው፣ የተቀበሉትን አገር የሚያስተዳድሩበት ጨዋታ ማጣታቸው ሊያሳስበን ይገባል።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን እንመለስ። የመጀመሪያዎቹ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚሉት ናቸው። ለእነርሱ ትምህርት ማለት ዝምታ፣ ጨዋታ ማለት ረብሻ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚረሱት አንድ ነገር አለ፤ ማቡካት የሚለመደው በማቡካት ነው። ለራት የማይበቃውን ሊጥ በልጅነቷ ያላቦካች፣ ባደገችም ጊዜ ለራት የሚበቃ አታቦካም። በልጅነቱ በሽምብራ ያልተሳሳተ ሰው በጐልማሳነቱ በሐይቅ ይሳሳታል፤ የሁለተኛው ስሕተት ዋጋ ደግሞ በሽምብራ አይከፈልም።

ሁለተኛዎቹ «ፕሮግራሙ ጠባብ፣ ክፍሉ ብዙ ተማሪ ያለበት፣ ፈተናውም የማይምር ነው» ይላሉ። ይህ ከመምህራን የሚመጣ ስለ ሆነ በአክብሮት ልንመልስለት ይገባል። አንድ ክፍል 60 ተማሪ ቢኖረው 12 ሳሕንና ሽምብራ ይበቃዋል፤ መምህሩ በመካከል እየተዘዋወረ ይመለከታል። ለጨዋታው አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ለውይይቱ ሌላ አንድ ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል። በወር ሁለት ክፍለ ጊዜ የማይገኝለት ትምህርት የለም። የፈተናው ነገር ግን እውነት ነው። ፈተናው ትርጕም ብቻ የሚጠይቅ እስከ ሆነ ድረስ መምህሩ ትርጕም ብቻ ቢያስተምር አይፈረድበትም። ስለዚህ ነቀፌታችን ወደ ፈተና አውጪው እንጂ ወደ መምህሩ አይደለም። «ሐይቁ ለምን ደረቀ? አምስቱ ሰዎች ምን ዓይነት ደንብ ቢያወጡ ይድን ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ፈተና ቢወጣ ጨዋታው በማግስቱ በየክፍሉ ይገባ ነበር።

ሦስተኛዎቹ «መጀመሪያ ኮምፒዩተር ይምጣ» የሚሉት ናቸው። በአሜሪካ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ የነበሩት ሳንድራ ዴይ ኦኮነር በ2009 እ.ኤ.አ. አይሲቪክስ የተባለውን ድርጅት መሥርተው ልጆች ዳኛ፣ የምክር ቤት አባልና ፕሬዚዳንት ሆነው የሚጫወቱባቸው የኮምፒዩተር ጨዋታዎች እንዲስፋፉ አድርገዋል። በአዲስ አበባም ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ገበጣን ወደ ስልክ አምጥቶታል። ሁለቱንም እናመሰግናለን። ነገር ግን መብራት በሚቈራረጥበት መንደር መሣሪያው እስኪመጣ ድረስ የሚጠብቅ ትምህርት፣ ትውልዱ ካለፈ በኋላ ይደርሳል። ደግሞም ስልኩ የማይሰጠው ነገር አለ፤ አራተኛዋን ፍሬ ሲያነሣ የጓደኛውን ዐይን ማየት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የምንፈራቸው ግን ጨዋታን በአፋቸው የሚያመሰግኑትን ነው። እነርሱ ጨዋታውን ወደ ክፍል ያስገቡና ትክክለኛ መልሱን አስቀድመው ይወስኑለታል፤ ልጁ የተፈቀደውን ካልመረጠ ይሸነፋል። ይህ የተቀባባ ስብከት ነው፤ ልጅም ስብከትን ከሩቅ ያውቀዋል። እውነተኛ ጨዋታ ልጁ እንዲሳሳት፣ ሐይቁንም እንዲያደርቅ ይፈቅዳል። በሌላ በኩል ደግሞ ውይይት የሌለው ጨዋታ የሚያደርሰውን ጥፋት አንዲት አሜሪካዊት ዐይተውታል። ኤሊዛቤት ማጊ የተባሉት ሴት መሬት በጥቂት ሰዎች እጅ ሲከማች ሌላው እንዴት እንደሚደኸይ ለማስተማር በ1904 እ.ኤ.አ. የባለመሬት ጨዋታ የተባለ የሰሌዳ ጨዋታ የፈጠራ መብት አገኙ። ጨዋታው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ትምህርቱ እየተራገፈ ሄደ፤ በ1935 እ.ኤ.አ. ሞኖፖሊ ተብሎ ለገበያ ሲወጣ ሌላውን አደኽይቶ መክበር የሚያስደስት ድል ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ሽምብራው ብቻውን አያስተምርም። ከጨዋታው በኋላ የሚመጡት ሦስቱ ጥያቄዎች ናቸው ጨዋታን ትምህርት የሚያደርጉት፤ እነርሱንም የሚጠይቅ የሠለጠነ መምህር ያስፈልጋል።

አንድ ነገር እንጨምር። ጨዋታ ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው መሸነፍን ነው። ተሸንፎ ሳያኰርፍ፣ ሰሌዳውን ሳይገለብጥ፣ ለሚቀጥለው ዙር መቀመጥ የሚችል ልጅ ነገ በምርጫም፣ በሸንጎም፣ በፍርድ ቤትም ሲረታ አገር አያምስም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ሐይቅን ባዳረሰ ጊዜ፣ የወሎ ልጆች ትልልቅ ሰዎች መስማማት ሲያቅታቸው የሚሆነውን በዐይናቸው ዐይተዋል። ለእነዚህ ልጆች ስለ መቻቻል ትርጕም ማስጻፍ ዕዳን በቃል መክፈል ነው። ተከራክረው የሚስማሙበት፣ ተሸናፊውም ሳይዋረድ የሚቀመጥበት ቦታ በክፍላቸው ውስጥ ያግኙ።

የምንጠይቀው ከባድ አይደለም። በየመምህራን ትምህርት ኮሌጁ የሚሠለጥነው የዜግነት መምህር ጨዋታ መምራትንና ከጨዋታ በኋላ ውይይት ማካሄድን ተምሮ ይውጣ። ፈተና የሚያወጡ ሹማምንት ከትርጕም ይልቅ ፍርድ የሚጠይቅ ጥያቄ ይጨምሩ። የወረዳው ባለ ሥልጣኖች በጨዋታው ማግስት የውኃ አባቶችን፣ ገበሬዎችንና ዓሣ አጥማጆችን ወደ ክፍል ጋብዘው ልጆቹ ያወጡትን ደንብ ያሰሟቸው፤ ከደንቡ ውስጥ የሚበጅ ከተገኘም ልጆች ያወጡት ነው ብለው አይናቁት። የአርዲቦና የሎጎ ዳር ትምህርት ቤቶች ደግሞ በዓመት አንድ ቀን ተገናኝተው የላይኞቹ ከታች፣ የታችኞቹም ከላይ ሆነው ይጫወቱ። የሐይቁ ነገር ለሌላው አገር ምሳሌ ብቻ ነው፤ በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግቢ፣ በአፋር የግጦሽ መሬት፣ በማናቸውም ከተማ የውኃ ቦኖ ስፍራ ሳሕኑን ሊተካ ይችላል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ተብሏል። ሃምሳውን ለሃምሳ የማካፈል ጥበብ ግን ከእናት ማሕፀን ይዞት የሚወለድ ሰው የለም፤ ይለመዳል። ስለዚህ በመጪው መስከረም የትምህርት ቤት በር ሲከፈት፣ በአርዲቦና በሎጎ ዙሪያ ባሉት ትምህርት ቤቶች ከመጽሐፉና ከጠመኔው ጋር አንድ ጣሳ ሽምብራ አብሮ ይግባ።